የቤተሰብ ሽርሽርና ባለ ቀለም መብራት



ከመግሪብ ሶላት በኋላ ሰቆጣ ከተማ መንገድ ዳር ቆም ያለ ሰው አንዳንድ ምሽት አንድ ነገር ያያል። ባጃጅ ያልፋል። ጣሪያው ዙሪያውን አረንጓዴ መብራት ተጠምጥሞበታል፤ ውስጡ ሰማያዊ ነው፤ ከመስታወቱ በላይ ደግሞ ቀይና ቢጫ ብልጭ ድርግም ይላል። ልጆች ከኋላው ይሮጣሉ። አዋቂዎቹ «ይኼ ልጅ ገቢውን በመብራት ጨረሰው» እያሉ ያጉረመርማሉ። እውነቱን ለመናገር እኔ ከሚሮጡት ወገን ነኝ። ለዚህም ነው ወር ጠብቄ ስለዚህ ጉዳይ ለመጻፍ የተነሳሁት፤ ያየሁትም የደረሰብኝም ስላለ።

መኪናን በመብራት ማስጌጥ የእኛ ብቻ ፈሊጥ አይደለም። የፓኪስታን የጭነት መኪናዎች በሥዕልና በመብራት ተሸፍነው ሌሊት ሲመጡ የሠርግ ቤት ይመስላሉ። በአሜሪካ ደግሞ ቤተሰብ በእረፍት ቀኑ አልጋና ማብሰያ ያለው መኪና ይዞ ወይም በመኪናው የሚጎተት ትንሽ ቤት አስከትሎ ወደ ሰፈራ ቦታ ይሄዳል። ከእነዚህ ቦታዎች በስፋት የሚታወቀው ኬ.ኦ.ኤ. የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1962 በሞንታና ግዛት በቢሊንግስ ከተማ ነው የተጀመረው። ቤተሰቡ ቦታውን ይከራያል፣ ከመኪናው ጎን ሸራ ይዘረጋል፣ ልጆቹ ከሸራው ጫፍ እስከ ጫፍ ባለ ቀለም አምፖል ይሰቅላሉ። እዚያ ለእያንዳንዱ መኪና የኤሌክትሪክ መሰኪያ ተተክሎለታል። እኛ ዘንድ ግን መብራቱ የሚጠባው ከራሱ ከመኪናው ባትሪ ነው። ነገሩ ሁሉ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

የእኛ «ሰፈራ» የምታውቁት ነው። ለዒድ ወይም ለሠርግ ወደ ዘመድ ይኬዳል፤ ቤቱ ይሞላል፤ ሴቶችና ሕፃናት ውስጥ ያድራሉ፤ ወንዶችና ከፍ ያሉት ልጆች ከመኪናው ጎን ድንኳን ወይም ሸራ ወጥረው ውጪ ያድራሉ። በ2010 ዓ.ም. ከዒድ አል-ፈጥር ማግስት እኛም እንዲሁ አደረግን። አጎቴ በሚነዳት ሚኒባስ አሥራ አንድ ሆነን ከሰቆጣ ተነስተን ወደ አበርገሌ ወረድን። አክስቴ የምትኖረው ከኒሯቅ ወጣ ብላ ነው። ከሰቆጣ ደጋ ተነስቶ ወደዚያ የወረደ ሰው መንገድ ላይ ጋቢውን ያወልቃል፤ አገሩ ቆላ ነው። ሙቀቱ ሌሊትም ስለማይለቅ ውጪ መተኛት ለእንግዳ ቅጣት ሳይሆን ክብር ነው።

ጨረቃዋ የሁለት ቀን ነበረች። ገና ሳይመሽ ጠለቀች፤ ጨለማው ድቅድቅ ሆነ። (የተከዜ ግድብ በ2002 ዓ.ም. ተመርቆ እስከ 300 ሜጋ ዋት ለማመንጨት የተሠራ ነው፤ ግድቡ 188 ሜትር ይረዝማል፤ ውሃው እስከ አበርገሌ ምድር ድረስ ተኝቷል። እኛ ግን ከዚያ ውሃ ብዙም ሳንርቅ በእጅ ባትሪ እራት በላን።) ታዲያ ልጆቹን ለማስደሰት ብዬ ከገበያ የገዛሁትን ሃያ አራት አምፖል የተሰካካበት ገመድ አወጣሁ። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ። የሽቦውን ሁለት ጫፍ በቀጥታ ከባትሪው ጋር አሰርኩት። ፊውዝ የለ፣ ማጥፊያ የለ። ገመዱን በጣሪያው ዙሪያ አዙረን በድንኳኑ አፍ ላይ ስንሰቅለው የመንደሩ ልጅ በሙሉ ተሰበሰበ። የስድስት ዓመቱ የእህቴ ልጅ አረንጓዴዎቹን ለብቻ እየቆጠረ «እኒህ የእኔ ናቸው» አለ። አክስቴ ከደጃፍ ቆማ «እናንተ ልጆች፣ አገሩን ቀን አደረጋችሁት!» ስትል ደስታዋ ከፊቷ ይነበብ ነበር። ዒሻ ሰግደን፣ ሻይ ጠጥተን፣ አውግተን ተኛን። መብራቱን ያጠፋ ሰው አልነበረም። ማጥፊያ ስላልነበረው ማንም አላሰበውም።

ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ገደማ የልጁ ጩኸት ቀሰቀሰኝ። ጊንጥ እግሩን ነድፎታል። አምፖሎቹ ደክመው እንደ ፍም ቀልተው ነበር፤ ያንን ያየሁት ግን በኋላ ነው። እህቴ ልጁን ታቅፋ ሮጣ መጣች፤ አጎቴ ሚኒባሱ ውስጥ ገብቶ ቁልፉን አዞረ። ሞተሪኖው አንዴ «ጠቅ» አለ። ደግሞ አዞረ፤ እሱም ቀረ። አጎቴ ወደ ጣሪያው ቀና ብሎ አምፖሎቹን አየ፤ ከዚያ እኔን አየኝ። ቃል አልተናገረም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ልጁ ይንቀጠቀጣል፤ አፉን ላብና ለሀጭ ሞልቶታል። ጎረቤቶች፣ አምስት የክርስቲያን ገበሬዎች፣ ጩኸቱን ሰምተው ኩታቸውን ጥለው መጡ። መኪናዋ የቆመችው በትንሽ ዳገት ሥር ነበርና ቁልቁለት ለማግኘት መጀመሪያ ወደ ላይ መግፋት ነበረብን። ገፋን፣ አረፍን፣ ደግሞ ገፋን። አናቱ ላይ ስንደርስ አጎቴ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን ረግጦ ጠበቀ፤ ቁልቁል ለቀቅናት፤ ሦስተኛው ሙከራ ላይ ተነሳች። እስከዚያ ድረስ ከአርባ ደቂቃ በላይ አልፏል። ኒሯቅ ጤና ጣቢያ ስንደርስ ተረኛው ተቀብሎ ረዳን። አልሐምዱ ሊላህ፣ ልጁ በሁለተኛው ቀን ምግብ ጠየቀ። እህቴ ግን ለወራት መኪና ስትሳፈር ዓይኗ ጣሪያ ጣሪያውን ነበር።

ሰቆጣ ስንመለስ አንድ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ዘንድ ሄጄ ምን እንደተፈጠረ ጠየቅሁት። ወረቀት አወጣና ሒሳቡን ሠራልኝ። ከእነዚያ አምፖሎች አንዱ 5 ዋት ይበላል፤ ሃያ አራቱ 120 ዋት ማለት ነው። በ12 ቮልት ሲካፈል 10 አምፔር ይመጣል። የሚኒባሱ ባትሪ 70 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ነበር። ከምሽቱ አንድ ሰዓት እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ስድስት ሰዓት ነው፤ በልጄ 60 ጠጣሁት ማለት ነው። «ሞተር ለማስነሳት ባትሪው ከግማሽ በታች ባይወርድ ይሻላል፤ አንተ ግን ጠርሙሱን ነው የገለበጥከው» አለኝ። ባጃጅ ደግሞ ከዚህም ያነሰ ባትሪ ነው ያላት።

ያ ዓይነቱ አምፖል አብዛኛውን ኃይሉን ወደ ሙቀት ነው የሚለውጠው። እጃችሁን ብታስጠጉት ታውቁታላችሁ፤ የድንኳን ሸራ ወይም መጋረጃ ቢነካው ደግሞ ያከስለዋል። ዛሬ በየሱቁ የሚሸጠው ኤል ኢ ዲ ግን ሌላ ፍጥረት ነው። አምስት ሜትር የሚሆነው የተለመደው ጥቅል ሪባን 24 ዋት አካባቢ፣ ማለትም 2 አምፔር ብቻ ይወስዳል። ለረጅም ጊዜ ቀይና አረንጓዴው ብቻ ነበር የሚሠራው፤ ደማቁን ሰማያዊ የሠሩት ሦስት የጃፓን ተወላጅ ሳይንቲስቶች፣ አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። ባጃጁ ውስጥ የምናየው ሰማያዊ ብርሃን የዚያ ድካም ፍሬ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ይሁንና ኤል ኢ ዲም ቢሆን ያለ ፊውዝ አይታሰር። ሽቦ ከመኪናው ብረት ጋር ተፋትጎ ሲላጥ ባትሪው ያለ የሌለ ኃይሉን በዚያች ነጥብ ይለቀዋል፤ እሳት የሚነሳውም በዚህ ነው። ፊውዙ ከባትሪው አጠገብ ይሁን፤ ማጥፊያውም ተኝተን በእጃችን የምንደርስበት ቦታ። ከሁሉ የሚሻለው ግን የሚኒባሱን ባትሪ ጨርሶ አለመንካት፣ ለጌጡ ትንሽ የፀሐይ ፓኔል ያላት መብራት መያዝ ነው። ሐምራዊና ነጭ ብርሃን ነፍሳትን አብዝቶ ይጠራል፤ ነፍሳቱን የሚያድን ጊንጥም ይከተላቸዋል። ሞቅ ያለ ቢጫ ይሻላል፤ ከሚተኙበትም ራቅ ብሎ ይሰቀል። መኪናው መንገድ ላይ ሲሆን ደግሞ ጌጡ በሙሉ ይጥፋ። ከፊት ቀይ መብራት ያየ ሾፌር መኪናው እየራቀ ነው ብሎ ያስባልና።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ስንተኛ መብራት እንድናጠፋ ማስተማራቸውን ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። ምክንያቱም አብሮ ተነግሮናል፤ አይጥ ፈትሉን ጎትታ ቤቱን በሰዎቹ ላይ እንዳታቃጥል ነው። ኩራዝ ቀረ ብዬ ይህ ነገር እኔን የሚመለከት አይመስለኝም ነበር። አይጥ የኤሌክትሪክ ሽቦም እንደምትበላ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ሌላም አለ። ካይሮ ውስጥ በረመዳን ልጆች ፋኑስ የሚባለውን ባለ ቀለም ፋኖስ ይዘው ይወጣሉ፤ መንገዱ ሁሉ ያበራል፣ ያምራልም። ዋግ ላይ ግን ሰማዩ ራሱ ጌጥ ነው። የወሩን ጨረቃ ለማየት ኮረብታ ላይ የወጡ አባቶች አጠገብ የባጃጁን መብራት ለኩሶ መቆም ነውር ነው፤ አንድ ጊዜ አይቻለሁና ነው የምለው።

በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ዋግን ሲደርስበት የአበርገሌ ሰው ተፈናቀለ። አክስቴም ከነቤተሰቧ ሰቆጣ አጠገብ ወለህ በሚባለው ስፍራ በድንኳን ከተጠለሉት ጋር ነበረች። በዒድ ልንጠይቃት ስንሄድ የእህቴ ልጅ አሥር ዓመት ሞልቶት ነበር። ከቤት አንዲት በፀሐይ የምትሠራ ባለ ቀለም መብራት ይዞ መጣ። እኔ አልሰጠሁትም፤ እህቴ ናት የገዛችለት። ከድንኳኑ ምሰሶ ላይ ሰቀላት፤ የአጎራባች ድንኳን ልጆች መጡ፤ አክስቴ እንደዚያ ቀን ደጃፍ ላይ ቆመች፤ ምንም አላለችም እንጂ።

ዒሻ ተሰግዶ ልጆቹ ሲተኙ ተነሳ። ሸራውን ገለጥ አድርጎ የሕፃናቱን ፍራሽ አራገፈ፤ ከሥሩ ምንም እንደሌለ አየ። ከዚያ ወደ ምሰሶው ሄዶ ማጥፊያዋን ተጫነ።