በሕክምና መሣሪያ ላይ ያለ ስስ ሽፋን፦ ፕላዝማ በኃይለኛ የኤሌክትሪክ ምት ሥር ያለው ጠባይ

ፕላዝማ ሲባል የጤና ባለሙያ አስቀድሞ የሚያስበው የደምን ፈሳሽ ክፍል ነው። በፊዚክስ ግን ቃሉ ከአተሞቹ ከፊሎቹ ኤሌክትሮን አጥተው አዮን የሆኑበትንና ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ጋዝን ያመለክታል። ስያሜውን እ.ኤ.አ. በ1928 የሰጠው አሜሪካዊው ሳይንቲስት ኢርቪንግ ላንግሙር ነው። የሥራ ባልደረባው እንደተረከው፣ ላንግሙር ስሙን የመረጠው ጋዙ አዮኖችንና ኤሌክትሮኖችን መሸከሙ የደም ፕላዝማ ሕዋሳትን መሸከሙን ስላስታወሰው ነበር።

ይህ ፕላዝማ ከዕለት ተዕለት ኑሮ የራቀ አይደለም። በምዕራብ ጎጃም የክረምት ሰማይ ላይ የሚበርቀው መብረቅ ፕላዝማ ነው። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ማንኩሳም ሆነ በሌላ ከተማ፣ በበራ ፍሎረሰንት ውስጥ ያለው ጋዝም እንዲሁ ነው። ያገለገለ ፍሎረሰንት ጫፎቹ የሚጠቁሩት፣ በሙቀት የተነነና በአዮኖች ተመትቶ የተፈናጠረ የኤሌክትሮድ ቁስ በመስታወቱ ላይ ስለሚለጠፍ ነው። በአዮን ምት ቁስ የሚፈናጠርበት ሂደት ስፓተሪንግ ይባላል። በአምፖል ላይ ጉዳት የሆነው ይህ ሂደት በፋብሪካ ውስጥ የሕክምና መሣሪያዎችን ለመሸፈን ያገለግላል።

የተለመደው ዘዴ

አየሩ በተመጠጠ ክፍል ውስጥ ጥቂት አርጎን ይገባል። ለሽፋን የተመረጠው ብረት፣ ለምሳሌ ቲታኒየም፣ ከኔጌቲቭ ኤሌክትሪክ ጋር ይያያዛል፤ ከጀርባው ያለ ማግኔትም ኤሌክትሮኖችን በፊቱ አግዶ ያቆያል። የአርጎን አዮኖች ብረቱን ሲመቱ አተሞቹ ተፈናጥረው በመሣሪያው ላይ ያርፋሉ። ሆኖም አብዛኞቹ አተሞች ኤሌክትሪክ ስለማይሸከሙ ጉልበታቸውን መቆጣጠር ያዳግታል። በመሆኑም ሽፋኑ እንደተደረደረ አገዳ ያድግና በመካከሉ ጥቃቅን ክፍተቶች ሊቀሩ ይችላሉ።

በምት የሚሰጥ ኃይል

እ.ኤ.አ. በ1999 ቭላዲሚር ኩዝኔትሶቭና ባልደረቦቹ በስዊድን ሊንሾፒንግ ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት ዘዴ ኃይሉን ሳያቋርጥ ከመስጠት ይልቅ እንደ ልብ ምት እያቆራረጠ ይሰጣል። ምቱ ለ100 ማይክሮ ሴኮንድ ቆይቶ በሴኮንድ 100 ጊዜ ቢደጋገም፣ ኃይል የሚሰጠው ለጊዜው 1 በመቶ ብቻ ነው። ስለዚህ በምቱ ወቅት ኃይሉ ከአማካዩ 100 እጥፍ ይሆናል፤ አማካዩ ዝቅተኛ በመሆኑም ብረቱ አይቀልጥም።

በምቱ መጀመሪያ ብረቱን የሚመቱት የአርጎን አዮኖች ናቸው። ቀጥሎ የተፈናጠሩት አተሞች አርጎኑን አሙቀው ከስፍራው ይገፉታል፤ ራሳቸውም በብዛት አዮን ይሆናሉ። በቲታኒየም ረገድ ይህ ከግማሽ በላይ ሊደርስ ይችላል። ከእነዚህ አዮኖች ከፊሎቹ ወደ መጡበት ብረት ተስበው መልሰው ይመቱታል። ሽፋኑ ከተለመደው ዘዴ ይልቅ በዝግታ የሚያድግበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

ለጤና ባለሙያው ያለው ትርጉም

በሚሸፈነው መሣሪያ ላይ ኔጌቲቭ ኤሌክትሪክ ሲደረግ አዮኖቹ በጉልበት ተስበው ክፍተቶቹን ይደፍናሉ፤ ሽፋኑም ጠብቆ ይያያዛል። ክፍተት ባለው ሽፋን ግን ጨውና ክሎሪን ወደ ሥረኛው ብረት ዘልቀው ዝገት ያስነሣሉ፤ ሽፋኑም ይላጣል። በሰውነት ውስጥ የቀረ ስብርባሪ ብግነት ሊያስከትል ይችላል።

ወርቃማው ቀለም ዋስትና አይሆንም። ቲታኒየም ናይትራይድ ወርቃማ ነው፤ ሆኖም ቀለሙ ሽፋኑ በየትኛው ዘዴ እንደተሠራ አይናገርም። ስለዚህ የአምራቹን መመሪያ መከተል፣ በሽቦ ብሩሽ አለመፈግፈግ፣ በክሎሪን ውህድ ውስጥ ከተወሰነው ጊዜ በላይ አለማቆየትና ከታጠበ በኋላ በጥሩ ብርሃን መመርመር ያስፈልጋል። ሽፋኑ የተላጠ መሣሪያ ወደ ማምከኛው ሳይሆን ወደ ጎን ሊቀመጥና ለኃላፊው ሊገለጽ ይገባል።