ተጨማሪ ኬሞቴራፒ፦ ባልና ሚስት ከመወሰናቸው በፊት

«ከጨረሩ ሌላ ተጨማሪ ኬሞቴራፒ ያስፈልግሃል» የተባለ ሰው ምን ይመልስ? ጥያቄው የታማሚው ብቻ ሳይሆን የትዳር ጓደኛውም ነው።

ውድ አንባብያን፣ የምንነጋገርበት ካንሰር ከአፍንጫ በስተኋላ፣ ከጉሮሮ በላይ ባለ ስውር ስፍራ የሚነሣ ነው። በደቡብ ቻይና በብዛት ይታያል። ስፍራው ለቀዶ ሕክምና ስለማይመች ዋናው ሕክምና ጨረር ነው። በሽታው ገና ሲጀምር ከተደረሰበት ጨረር ብቻውን ሊበቃ ይችላል። ከገፋ ግን ሲስፕላቲን የተባለው መድኃኒት ከጨረሩ ጋር አብሮ ይሰጣል። ተጨማሪ የሚባለው ከዚህ በፊት ወይም በኋላ የሚታከለው ነው።

ጥቅሙ ምን ያህል ነው?

በቻይና በሽታው የገፋባቸው 480 ሕሙማን የተሳተፉበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2019 ታትሟል። ግማሾቹ ከጨረሩ በፊት ሦስት ዙር ጀምሲታቢንና ሲስፕላቲን ወሰዱ። በሦስት ዓመት ውስጥ በሽታው ሳይመለስባቸው በሕይወት የቆዩት ከመቶ 85.3 ሲሆኑ፣ ተጨማሪውን ካልወሰዱት 76.5 ነበሩ። ከመቶ ሰዎች ዘጠኝ ያህሉ ተጠቀሙ ማለት ነው። ዘጠኝ ቤተሰብ ጥቂት አይደለም። ሆኖም አብዛኞቹ ያለ ተጨማሪውም ደኅና ይቆዩ ነበር።

ከጨረሩ በኋላ የሚሰጠውስ? እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣ የ508 ሕሙማን ጥናት፣ ሲስፕላቲንና ፍሎሮዩራሲል በኋላ መጨመሩ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላሳየም። በ2021 በታተመ ሌላ ጥናት ግን ካፔሲታቢን የተባለ የሚዋጥ ኪኒን በአነስተኛ መጠን ለአንድ ዓመት መውሰድ በሽታው የሚመለስባቸውን ቁጥር ቀንሷል።

ዋጋውስ?

በ2019ኙ ጥናት ተጨማሪውን ከወሰዱት ከመቶ 75.7፣ ካልወሰዱት 55.7 የሚሆኑት ብርቱ የጎንዮሽ ጉዳት ደርሶባቸዋል። ማቅለሽለሽና ማስታወክ የታወቀ ነው። ሲስፕላቲን ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል፤ የመስማት ኃይልንም ሊቀንስ ይችላል፤ የጆሮው ጉዳት ላይመለስም ይችላል። ነጭ የደም ሴሎች ስለሚቀንሱም ትኩሳት ከመጣ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት መሄድ ያሻል። ጉንፋን የያዘው ጠያቂ ወንድም ወይም እህት በእነዚያ ሳምንታት በስልክ ቢጠይቅ ፍቅሩ አይጎድልም።

አብራችሁ ጠይቁ

በሽታው የትኛው ደረጃ ላይ ነው? ኩላሊትና ጆሮ ተመርምረዋል? ጨረሩ ሳይዘገይ ይጀመራል? ወጪው ስንት ነው? ልጅ ለመውለድ የምታስቡ ከሆነ ይህን ሕክምናው ሳይጀመር ተናገሩ፤ መድኃኒቶቹ የመውለድ ችሎታን ሊነኩ ይችላሉና። በሕክምናው ወቅትም እርግዝና እንዳይፈጠር መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ከሐኪሙ ዘንድ ስትሄዱ አንዳችሁ ጠይቁ፣ አንዳችሁ ጻፉ። ቤት ገብታችሁ ተወያዩ። መርፌው የሚገባው በታማሚው ክንድ ነውና የመጨረሻው ቃል የእርሱ ወይም የእርሷ ይሁን፤ የትዳር ጓደኛም ውሳኔውን አብሮ ይሸከም።