ጎርፍ የወሰደው ማሽላና የውል ግዴታ መቅረት

በደቡብ ኦሞ፣ በሳላማጎ ወረዳ፣ በሃና ከተማ የሚኖር አንድ ነጋዴ 50 ኩንታል ማሽላ በጥር ወር ለማስረከብ ተዋውሎ የዋጋውን ግማሽ አስቀድሞ ተቀበለ እንበል። ማሽላው ከኦሞ ዳር እርሻ የሚሰበሰብ ሲሆን፣ ከአጨዳ በፊት ወንዙ ሞልቶ አዝመራውን ወሰደው። ነጋዴው ከግዴታው ነጻ ወጥቷልን? የተቀበለውንስ ገንዘብ ማስቀረት ይችላልን?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግዴታ የሚቀርባቸውን ምክንያቶች በቁጥር 1806 እና 1807 ይደነግጋል። ቀዳሚው ግዴታውን እንደ ውሉ መፈጸም ነው። ሌሎቹ የውሉ መፍረስ ወይም መሰረዝ፣ ውሉን ማቋረጥ ወይም ዕዳውን መተው፣ ግዴታውን በአዲስ ግዴታ መተካት፣ ዕዳን ማቻቻል፣ ባለገንዘብነትና ባለዕዳነት በአንድ ሰው ላይ መቀላቀላቸው፣ እንዲሁም ይርጋ ናቸው። ከዐቅም በላይ የሆነ ኃይል በዚህ ዝርዝር ውስጥ ራሱን ችሎ አልሰፈረም። ስፍራው ስለ ካሣ በሚናገሩት በቁጥር 1791 እና ተከታዮቹ ነው። ስለዚህ ባለዕዳውን ከካሣ ያድነዋል እንጂ ውሉን በራሱ አያስቀርም።

ይህም ቢሆን ሁለት ነገሮች መሟላት አለባቸው፤ ነገሩ ሊገመት የማይችል መሆኑና አፈጻጸሙን ፈጽሞ መከልከሉ። ቁጥር 1793 ጎርፍን በምሳሌነት ቢጠቅስም፣ ማንኛውም ጎርፍ በቂ ምክንያት ነው ማለት አይደለም። የኦሞ ዳር አራሽ ከጥንት ጀምሮ ውኃው ሲሸሽ በሚቀረው ደለል ላይ ይዘራ ስለ ነበር፣ በወቅቱ የሚመጣ ሙላት ለእርሱ የሚጠበቅ ነገር ነው። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. በታችኛው ኦሞ፣ በዳሰነች፣ ከ360 በላይ ሰዎችን የገደለው ጎርፍ ግን በዚህ ሚዛን አይመዘንም። ግልገል ጊቤ 3 በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህም የወንዙ ፍሰት ስለ ተለወጠ፣ ዳኛው የሚገመተውንና የማይገመተውን በዛሬው ሁኔታ መመዘን ይኖርበታል።

ሁለተኛው ነጥብ የውሉን ቃል ይመለከታል። ውሉ «50 ኩንታል ማሽላ» ብቻ የሚል ከሆነ፣ ነጋዴው ከጂንካ ገበያ ገዝቶ ማስረከብ ይችላል፤ ዋጋው መወደዱ ብቻውን ከዐቅም በላይ የሆነ ኃይል አይባልም። «የእገሌ እርሻ ምርት» የሚል ከሆነ ግን መፈጸም የማይቻል ሆኗል።

በዚህ ጊዜ ገዢው በቁጥር 1788 መሠረት ውሉን ሊሰርዝ ይችላል፤ ግዴታውም በመሰረዙ ይቀራል። የመሰረዝ ውጤት በቁጥር 1815 እንደ ተመለከተው ተዋዋዮቹን በተቻለ መጠን ወደ ነበሩበት መመለስ ነው። ስለሆነም ነጋዴው ካሣ ባይከፍልም ቀብዱን ይመልሳል። ገዢው ዝም ብሎ ቢቀመጥ ግን፣ ልዩ ድንጋጌ ከሌለ በቀር፣ የ10 ዓመቱ ይርጋ ይጠብቀዋል።

እንግዲህ ጎርፉ ካሣን ሊያስቀር ይችላል፤ የሌላውን ሰው ገንዘብ ግን የነጋዴው አያደርግም። የምርቱን ምንጭ ለይቶ የሚገልጽ አንድ ዓረፍተ ነገር በውሉ ውስጥ ቢኖር፣ አብዛኛው ክርክር ከፍርድ ቤት በፊት ያልቃል።