የሰንሰሉ አጥርና እንግዶቹ

በሰፈራችን በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት የሚሰበሰብ አንድ ማኅበር አለ። እቁብ አይደለም፣ እድርም አይደለም፤ ግን ከሁለቱም ጠባይ ወስዷል። እንደ እቁብ ዕጣ ይወጣል፤ ዕጣው ግን ገንዘብ ሳይሆን ጉልበት ነው። ዶማና ችግኝ ይዘን ባለዕጣው ቤት እንሄድና ጓሮውን ስንሠራለት እናረፍዳለን። እሱ ደግሞ ቡና ያፈላል፣ ቆሎ ያቀርባል። ሃያ የማንሞላ ሰዎች ነን። ጡረታ የወጡ መምህርት አሉ፤ የታክሲ ሾፌር አለ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አለች፤ በኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ጀሪካን ቆርጠው ቆስጣ የሚያበቅሉ ሁለት ወይዘሮዎችም አሉ።

ማኅበሩን የወለደው የኑሮ ውድነት ነው። የአረንጓዴ ፍቅር ቢኖረንም እንኳ የገፋን የገበያው ጎመን ዋጋ መሆኑን ማንም አይክደውም። አሁን አሁን ግን የቡናው ላይ ወሬ ከጎመን ወደ ወፍ ዞሯል። ይህ እንዴት እንደመጣ ልንገራችሁ።

አንድ ጊዜ ክረምቱ እንደወጣ የሁላችንንም ጎመን ክሽክሽ ወረረው። ቅጠሉ ተጨማደደ፣ በሥሩ ግራጫ ዱቄት የተነሰነሰበት መሰለ። ከፊሎቻችን ማላታዮን ገዝተን እንርጭ አልን። ዕድሜያቸውን በግብርና ሙያ የጨረሱ አንድ ጋሼ አሉን፤ ምንም ሳይናገሩ አንድ ቅጠል ገልብጠው አሳዩን። ክሽክሹ መሀል ጥቁር ነጠብጣብ ያለባት ቀይ ጢንዚዛ ትንጎራደዳለች። «ይቺ ከነልጆቿ ቀለቧ ክሽክሽ ነው» አሉ። «መርዙን ስትረጩ ሁለቱም ያልቃሉ። ክሽክሹ ግን ቶሎ ይራባና ተመልሶ ይመጣል፤ እሷ እስክትመለስ ብዙ ጊዜ ይፈጃል። ያን ጊዜ ደግማችሁ ልትረጩ ነው።» ከዚያ በኋላ ሳሙና በውኃ እየበጠበጥን የቅጠሉን ሥር ማጠብ ጀመርን። አድካሚ ነው፤ ደግሞም ሁሉንም አያጠፋም። ሁሉንም አለማጥፋቱ ነው እንግዲህ ወፎቹን ያመጣልን።

ብዙ ሰው ወፍ ማለት ጥራጥሬ ለቃሚ ይመስለዋል። እውነት ነው፣ ትልቁ ወፍ ፍሬም ይለቅማል፣ የአበባ ማርም ይመጣል። ጫጩት ማሳደግ ግን ሌላ ነገር ነው። አብዛኞቹ የግቢያችን ወፎች ለጫጩቶቻቸው የሚያጎርሱት ትልና ነፍሳት ነው። ትል የሌለበት ግቢ ለወፍ ቀለብ የሌለበት የወላድ ቤት ማለት ነው።

ሀገራችን ከ800 በላይ የወፍ ዝርያዎች ይገኙባታል። አዲስ አበባ ውስጥ ሆኖ ከእነዚህ ብዙዎቹን ለማየት መኪና መከራየት አያስፈልግም። ጎህ ሲቀድ በጣራችን ላይ እየተንጫጩ በመንጋ የሚያልፉትን፣ መንቁራቸው እንደ ማጭድ የቆለመመውን ትልልቅ ጥቋቁር ወፎች የማያውቅ የከተማው ነዋሪ የለም። ሣር ላይ አርፈው መሬቱን ሲወጉ የሚታዩት ትልና እጭ እየፈለጉ ነው። በዓለም ላይ የሚኖሩት በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ ብቻ ነው። ፈረንጅ እነሱን ለማየት ባሕር ተሻግሮ ይመጣል፤ እኛ ደግሞ «እንቅልፍ ነሱን» ብለን እናማርራለን። መስከረም ሲጠባ ደግሞ ከአውሮፓና ከእስያ ብርዱን ሸሽተው የሚመጡ አሉ፤ እስከ መጋቢት ሰንብተው ይመለሳሉ። አንዳንዶቹ ማረፊያቸው ከእኛው ጓሮ ነው።

ታዲያ እነዚህን እንግዶች የሚያባርራቸው ምንድን ነው? እኔን ከጠየቃችሁኝ ከድንጋይ ወንጭፍ ይልቅ የሚያባርራቸው የጽዳት ፍቅራችን ነው። እናቶቻችን በማለዳ የተጠረገ ግቢ የባለቤቱ ክብር ነው ብለው አሳድገውናል፤ ክፉ አልመከሩንም። የዛሬው ጽዳት ግን ከመጥረጊያ አልፏል። ግቢው በሴራሚክ ይለበጣል፤ የተረፈችው መሬት ምንጣፍ ሣር ትለብሳለች፤ ጥግ ላይ አንድ ዘንባባ ይቆማል፤ አለቀ። ለዓይን ያምራል። ንብ ግን ምን ትቅሰም? ወፍ የት ትደበቅ?

ማኅበራችን ያደረገው ከባድ ነገር አይደለም። እያንዳንዳችን በጓሯችን አንድ ጥግ እንድንተው ተስማማን፤ የረገፈ ቅጠል የማይጠረግበት፣ የማይቆፈር፣ የማይረጭ ጥግ። ቡናማ፣ ደረቱ ወደ ብርቱካንማ የሚያደላ አንድ ወፍ እዚያ ቅጠል እየገላበጠ ሲለቅም ይውላል። በሰፌድ ስፋት ዝርግ ዕቃ ውስጥ ጠጠር ጨምረን ውኃ እናኖራለን፤ ጠጠሩ ንብ እንዳትሰምጥ ነው። ውኃው በየሁለት ቀኑ ይደፋል፤ ያለዚያ የወባ ባይሆን እንኳ የሌላ ትንኝ መፈልፈያ እየሠራን ነው።

ተክሉን በተመለከተ ከጋሼ ጋር ብዙ ተከራክረናል። እሳቸው የሀገር ቤቱን ይመርጣሉ። ግራዋ፣ ማጀት ገብቶ ጋን የሚያጥበው ያ መራራ ቅጠል፣ በበጋ አበባ ሲያወጣ ንብ ያጥለቀልቀዋል። አጋምና ኮሽም እሾሃቸው ሌባ ይከለክላል፣ ፍሬያቸውን ወፍም ልጅም ይሻማበታል። ወይራ ዘሩን የሚዘራለት ወፍ ነው። ቦታ ለሌለው ደግሞ እሬት በገንቦ ይበቅላል። እኔ ጃካራንዳና ግራቪሊያም አይጠሉ ባይ ነኝ፤ ባዕድ ቢሆኑም ንብ ፓስፖርት አትጠይቅም። አንድ ነገር ላይ ግን ሁላችንም እንስማማለን፤ የወፍ ቆሎ እንዳትተክሉ። ስሙ ያታልላል። አበባው ያምራል፤ ፍሬውን ወፍ ትወደዋለች፤ ችግሩም እሱ ነው። ወፏ ዘሩን ይዛ ትሄዳለች፣ የትም ትጥለዋለች፣ እሱም የግጦሹን መሬት ይወርሳል። በምሥራቁ የሀገራችን ክፍል ያደረገውን ያየ አርብቶ አደር በአበባው ውበት አይሸነገልም።

ፍርሃቱንም አልደብቅም። «ቅጠል ከተጠራቀመ እባብ ይመጣል» የሚሉ አባላት አሉን፤ ተገቢ ስጋት ነው። ስለዚህ ጥጉ ከቤቱ በርና ከልጆች መጫወቻ ራቅ እንዲል፣ የድንጋይ ክምርም አጠገቡ እንዳይኖር አደረግን። የእስስቱ ነገር ግን ተረት ነው፤ አትመርዝም፣ ሥራዋ ዝንብ መልቀም ነው። ጉጉት ደግሞ ከሁሉ የባሰ ስም ያላት ናት። ማታ ከጣራ ላይ ስትጮህ «ሟርተኛ!» ተብላ ድንጋይ ይወረወርባታል። የአንዱ አባላችን ግቢ ጥድ ላይ አንዲት አለች። ከዛፉ ሥር የምትተፋውን እንክብል ተማሪዋ ፈልቅቃ አሳየችን፤ የአይጥ አጥንትና ፀጉር ነው። ያን ካየን በኋላ ክርክሩ ወደ አይጥ መርዝ ዞረ። መርዝ የበላች አይጥ ወዲያው አትሞትም፤ ስትንገዳገድ ጉጉቷ ታነሳታለች፣ መርዙም ይተላለፋል። አሁን በዚያ ግቢ ዙሪያ ያሉ አባሎቻችን ወጥመድ ነው የሚጠቀሙት። ሌሎቹ ጎረቤቶች ግን መርዙን አልተዉም፤ እኛም ልናስገድዳቸው አንችልም።

አሁን ወደ ሰንሰሉ ልምጣ። ከአባሎቻችን አንዷ፣ እትዬ እንላቸዋለን፣ ግቢያቸው ከጎረቤታቸው የሚለየው በሰንሰል አጥር ነበር። ሰንሰል አረንጓዴ ቅጠልና ነጭ አበባ ያለው፣ ቁራጩ መሬት ከነካ የሚበቅል ቁጥቋጦ ነው። ብሎኬትና ቆርቆሮ ሳይበዛ በፊት የብዙ መንደር አጥር እሱ ነበር። ልጅ ሆነን አበባውን ነቅለን ጣፋጩን መጠን የማናውቅ ካለን እጁን ያውጣ።

ጎረቤታቸው ወጣት አባወራ ነው። በአጥሩ ሾልኮ ሌባ ሁለት ጊዜ ገብቶበታል። «እማማ፣ ቅር እንዳይልዎት፣ እኔም ልጆች አሉኝ» ብሎ ግንብ ሊሠራ መሆኑን ነገራቸው። እትዬም አልተቃወሙም። ብሎኬቱ ተራገፈ፣ ግንበኛው ቀብድ በላ። ሰንሰሉ ሊቆረጥ ሦስት ቀን ሲቀረው ተማሪዋ አጥሩ ውስጥ የተንጠለጠለች እንደ ከረጢት ያለች ጎጆ አገኘች። ውስጧ ሁለት አፋቸውን የከፈቱ ጫጩቶች አሉ።

እናቲቱ አበባ ከምትመጥጡት ትንንሽ ወፎች አንዷ ነች፤ ዓለም በተከዜ ወንዝ ስም የሚጠራት። ወንዱ ፀሐይ ሲያርፍበት ሐምራዊ ብልጭታ አለው፣ ጅራቱ ረዥም ነው። ሴቷ ግራጫማ፣ ዓይን የማትስብ ናት። ጎጆዋን የምታጣብቀው በሸረሪት ድር ነው።

በዚያ ቅዳሜ የተደረገው ክርክር እስካሁን ካደረግናቸው ሁሉ የጦፈ ነበር። መምህርቷ አጥሩ ጨርሶ አይነካ አሉ። የታክሲው ሾፌር ብድግ ብሎ «ለወፍ ብላችሁ ሰው ይዘረፍ?» አለ። እኔ ከሾፌሩ ጋር ነበርኩ፤ ሰው በገዛ ቤቱ ፈርቶ እንዲያድር ማንም ሊፈርድበት አይገባም። ጋሼ ግን ሌላ ጥያቄ አነሱ፤ «ግንቡ ከየት ነው የሚጀምረው?»

ለካ መልሱ እዚያ ነበር። ጫጩቶች ከተፈለፈሉ ከጎጆ ለመውጣት ከሁለት ሳምንት ብዙም አያልፉም። ሽማግሌ መርጠን ወደ ወጣቱ ላክን። መጀመሪያ ፊቱን አጨማደደ፤ ሲሚንቶ በየሳምንቱ ዋጋው እንደሚቀያየር፣ ግንበኛው ከሄደ እንደማይመለስ ነገረን። ጥያቄያችን ግን ይቁም አልነበረም፤ ከዋናው በር ወገን ይጀመር፣ ጎጆዋ ያለችበት አምስት ሜትር ለመጨረሻ ይቆይ ነው። ግንበኛውን ጠርቶ ጠየቀው። «ለኔ ያው ነው፣ ከየትም ልጀምር» አለ። በዚያው አለቀ።

ጫጩቶቹ በአሥረኛው ቀን ሄዱ። እትዬ ማለዳ ቡና ይዘው ሲወጡ ጎጆዋ ባዶ ነበረች። በነጋታው ሰንሰሉ ተቆረጠ፤ ቁራጩን በጆንያ አሥረን ለአሥራ አንድ ቤት አከፋፈልነው። የኮንዶሚኒየሞቹ ወይዘሮዎችም በጀሪካን ተከሉት።

ግንቡ አሁን ቆሟል። ወጣቱ በሰላም ይተኛል። የእትዬ የቆስጣ መደብ ግን የማለዳ ፀሐይዋን አጥታለች፤ ግንቡ በምሥራቅ በኩል ስለሆነ እስከ አራት ሰዓት ጥላ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ዕጣው የእሳቸው ነበርና መደቡን ወደ ምዕራቡ ጥግ ስናዛውር ዋልን። የሰንሰሉ ቁራጮች በአብዛኛው ይዘዋል፤ ከጉልበት አላለፉም፣ አበባም ገና ነው። ወፏ በሳምንት አንዴ ሁለቴ መጥታ የእትዬን እሬት ትጎበኛለች፤ ጎጆ ስትሠራ ግን እስካሁን ያየ የለም።