ሞተሩ እየዞረ እሳት ሲያጣ፦ ዕቃ ከመግዛት በፊት ምን ይታያል?

ክረምት ሲገባ በልደታና በአካባቢዋ መንገድ ዳር ኮፈናቸውን ከፍተው የሚቆሙ መኪኖች ይበዛሉ። ባትሪው ጤነኛ ነው፣ ሞተሩ ይዞራል፣ ቤንዚንም አለ፤ መኪናው ግን አይነሳም። ሹፌሩ ብዙም ወዳልራቀው ሶማሌ ተራ ሮጦ ካንዴላ ይገዛል። አልሆን ሲለው ቦቢና (ኮይል) ይጨምራል። ማታ ላይ ችግሩ አንድ የላላ ሽቦ ሆኖ ይገኛል። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ተብሎ ከተለጠፈበት ሱቅ ገንዘብ ማስመለስ ደግሞ የሚታሰብ አይደለም። ለታክሲ ባለ ንብረት የቀን ገቢውም አብሮ ሄዷል።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን አስወደደ። በ2016 ዓ.ም. የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫም ተወደደ። በእጅ ያለችው ላዳ ወይም ኮሮላ ገና ብዙ ዓመት መሥራት ይኖርባታል ማለት ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ እሳት የጠፋው ከአንዱ ካንዴላ ነው ወይስ ከአራቱም የሚለው ነው። አንድ ካንዴላ ፈትቶ ከገመዱ ጋር እንደተገናኘ ብረቱን ከሞተሩ ብረት ጋር ማስነካትና ሌላ ሰው ቁልፍ እንዲያዞር ማድረግ ይበቃል። ገመዱን በባዶ እጅ መያዝ አይገባም፤ ቤንዚን የሚሸትበት ቦታም ይህን ሙከራ መሞከር አደገኛ ነው። ደማቅ ሰማያዊ ብልጭታ ከታየ ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው። አንዱ ብቻ ከጠፋበት ገመዱን ወይም ካንዴላውን መለወጥ ሊበቃ ይችላል። አራቱም ከጠፋባቸው ግን አራት አዲስ ካንዴላ መግዛት ገንዘብ መበተን ነው፤ አራት ካንዴላ በአንድ ጊዜ አይሞትምና።

እንደ ላዳ ባሉ ፑንቲና ባላቸው መኪኖች ቀሪውን ሥራ አንዲት ባለ 12 ቮልት ትንሽ አምፖል ትጨርሰዋለች። አንዱን ጫፍ ከመኪናው ብረት፣ ሌላውን ከቦቢናው የመግቢያ ሽቦ ጋር አገናኝቶ ቁልፍ መክፈት ነው። ካልበራ ጥፋቱ ከቁልፉ፣ ከፊውዙ ወይም ከሽቦው ነው። ከበራ አምፖሉ ወደ መውጫው ይዛወራል፤ ሞተሩ ሲዞር ብልጭ ድርግም ማለት አለበት። ሳያቋርጥ ከበራ ፑንቲናው አይዘጋም ወይም ቆሽሿል፤ በላዳ ክፍተቱ ወደ 0.4 ሚሊ ሜትር ነው። ጨርሶ ካልበራ ወደ ዲስትሪቢውተሩ የሚሄደው ሽቦ ከመውጫው ይፈታል። ያን ጊዜ ከበራ ዲስትሪቢውተሩ ውስጥ ሽቦ ከብረት ነክቷል ወይም ፑንቲናው አይከፈትም፤ አሁንም ካልበራ ቦቢናው ተቃጥሏል። እንደሚገባው ብልጭ ድርግም እያለ እሳቱ ከጠፋ ደግሞ ቦቢናው፣ ክዳኑ ወይም በውስጡ የሚዞረው ቁራጭ ይጠረጠራል። እሳቱ ቢጫና ደካማ ሆኖ ፑንቲናው ቶሎ ቶሎ የሚቃጠል ከሆነ ኮንደንሰሩ ነው፤ ርካሽ ዕቃ ስለሆነ ብዙዎች ይዘነጉታል።

የቀድሞዎቹ የኮሮላ ሞተሮች በርካቶቹ ዲስትሪቢውተራቸው በካምሻፍቱ ይዞራል። የዲስትሪቢውተሩ ክዳን ተነስቶ ሞተሩ ሲዞር ውስጡ ካልዞረ የታይሚንግ ቺንጋው ተበጥሷል፤ ቦቢና መግዛት ምንም አይፈይድም።

ለእያንዳንዱ ካንዴላ የራሱ ኮይል ባላቸው እንደ ቪትዝ ባሉ መኪኖች አንዱ ኮይል ሲበላሽ ሞተሩ እየተንቀጠቀጠ ይነሳል። ሁሉም እሳት ከጠፋ የክራንክ ሴንሰሩን፣ ፊውዙንና ያልታወቀለትን ቁልፍ የሚያግደውን መቆለፊያ ማየት ይቀድማል። በኋላ የተገጠመ አላርምም ብዙ ጊዜ ጥፋተኛ ነው። እዚህ ላይ ገመድ እየነቀሉ እሳት ማዘለል ኮምፒዩተሩን ሊያበላሽ ስለሚችል ለባለሙያ መተው ይሻላል።

ሞተሩን በውኃ ካሳጠበ በኋላ እምቢ ያለበት ባለ መኪና ደግሞ የዲስትሪቢውተሩን ክዳን አንስቶ በደረቅ ጨርቅ ይጥረግ፤ ብዙ ጊዜ ከዚያ በላይ አያስፈልግም።

ቦቢና መግዛት የግድ ከሆነ አሮጌውን ይዞ መሄድ፣ ሒሳብ ከመክፈል በፊትም በቴስተር እንዲለካ መጠየቅ ተገቢ ነው። የላዳው ቦቢና በሁለቱ ትናንሽ ጫፎቹ መካከል ወደ 3 ኦም ማሳየት አለበት። ለማስለካት የማይፈቅድ ነጋዴ ካለ ቀጥሎ ያለው ሱቅ ሩቅ አይደለም።