ሰሜን ተራሮች ልትወጡ ነው? ከመነሳታችሁ በፊት ይቺን አንብቡ

ገደል ጫፍ ላይ የተቀመጠ ወጣት፣ ከጀርባው የጭላዳ መንጋ። ይሄን ፎቶ ያላየ ያለ አይመስለንም። ፎቶው ያምራል። የማያምረው ፎቶው ላይ የማይታየው ነው፦ ሳር ውስጥ የተጣለ ሃይላንድ፣ ለጭላዳ የተወረወረ ብስኩት፣ በደንብ ሳይጠፋ የተተወ እሳት።

መጀመሪያ ታሪኩን እናስታውሳችሁ። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1970 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሲሰፍር ከዓለም የመጀመሪያዎቹ 12 ቅርሶች አንዱ ነበር። በ1989 ዓ.ም. ግን የዋልያ ቁጥር በመቀነሱ፣ እርሻና ልቅ ግጦሽ በመስፋፋቱ፣ በመሀሉም መንገድ በመሰራቱ አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተርታ ገባ። ከዚያ የወጣው ከ20 ዓመት በኋላ በ2009 ዓ.ም. ነው።

ለዚህ ደግሞ ዋጋ የከፈሉ ሰዎች አሉ። ፓርኩ ውስጥ ይኖሩ የነበሩ የግጭ ነዋሪዎች በ2008 ዓ.ም. ከቀያቸው ተነስተው ደባርቅ እንዲሰፍሩ ተደርጓል። ዛሬ ድንኳን ተክለን የምናድርበት አካባቢ የሰው ቤትና ማሳ ነበር። እነሱ ቤታቸውን ለቀው ያተረፉትን ቦታ እኛ በሁለት ቀን ሽርሽር ማበላሸት የለብንም። ታዲያ ምን እናድርግ?

1. ደባርቅ ላይ ተመዝገቡ። ከጎንደር በዳባት አድርጋችሁ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዛችሁ በኋላ የፓርኩን ጽሕፈት ቤት ታገኛላችሁ። የመግቢያ የምትከፍሉት፣ አስጎብኚና ስካውት የምትይዙት እዚያ ነው። አስጎብኚ፣ ምግብ አብሳይና ባለ በቅሎ ከአካባቢው ሰው ቅጠሩ። ሁሉን ነገር ከአዲስ አበባ ጭናችሁ ከሄዳችሁ ለፓርኩ ሲል ግጦሹን የተወው ገበሬ ምን ያገኛል? ከበግ ፀጉር የሚሰሩትን ኮፍያም ከነሱ ግዙ፤ ለብርዱም ይሆናችኋል።

2. ያመጣችሁትን መልሳችሁ ውሰዱ። ኮዳ ያዙ፣ ሃይላንድ ቀንሱ። ለቆሻሻ አንድ ጠንካራ ከረጢት ቦርሳችሁ ውስጥ ይኑር፤ ደባርቅ ስትመለሱ ትጥሉታላችሁ። ሳሙናና ቆሻሻ ምንጭና ወንዝ ውስጥ አይግባ። ከዚህ የሚወርደው ውሃ ወደ ተከዜ ነው የሚሄደው፤ መንገዱ ላይ የሚጠጣው ሰው ብዙ ነው።

3. ጭላዳን አታብሉ። ጭላዳ ዋና ምግቡ ሳር ነው፤ ከዝንጀሮ ዘር እንዲህ በሳር የሚኖር ሌላ የለም። ብስኩትና ሙዝ ከለመደ ሰው መከተል ይጀምራል፣ ጣጣው ደግሞ ለገበሬው ይተርፋል። ለፎቶ ብላችሁም አታሯሩጡት።

4. ውሻ ይዛችሁ አትሂዱ። ቀይ ቀበሮን ከሚጨርሱት ነገሮች አንዱ ከውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ዋልያ ደግሞ የብሔራዊ ቡድናችን መጠሪያ ቢሆንም በዱር የሚገኘው በዓለም ላይ እዚህ ብቻ ነው። እዚህ ካለቀ አለቀ።

5. በእሳት ቀልድ የለም። በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ ላይ የግጭ አካባቢ ሲቃጠል ወጣቱ በቅጠልና በአፈር ሲታገል ሰንብቶ፣ በኋላ ሄሊኮፕተር ከኬንያ፣ የእሳት አደጋ ባለሙያዎች ደግሞ ከእስራኤል መጥተዋል። በበጋ ጓሳው ደረቅ ነው፤ አንድ የሲጋራ ቁራጭ ይበቃዋል። በማገዶ ፈንታ ቡታ ጋዝ ተጠቀሙ። አስታ በዚያ ብርድ ቶሎ የሚያድግ ዛፍ አይደለም።

6. ለራሳችሁም አስቡ። ሳንቃበር፣ ግጭና ጨነቅ የተባሉት ማደሪያዎች ሁሉም ከ3,000 ሜትር በላይ ናቸው። ቀን ፀሐይ ያቃጥላል፣ ሌሊት ውርጭ ነው። ወፍራም ልብስ ያዙ፣ በመጀመሪያው ቀን ቀስ በሉ፣ ውሃ ጠጡ። ራስ ምታቱ ከበረታባችሁ መፍትሔው መውረድ ነው፤ ጀግንነት አያስፈልግም።

አንድ ነገር ደግሞ አንደብቃችሁም። ባለፉት ዓመታት በነበረው ጦርነትና ግጭት ምክንያት የጎብኚው እግር ቀንሷል፤ በአስጎብኚነትና በበቅሎ ኪራይ የሚተዳደረው ሰው ተጎድቷል። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም እዚያው ካለ ሰው አጣሩ። "ቆዩ" ካሏችሁ ቆዩ። "ኑ" ሲሏችሁ ደግሞ ሳትቀሩ ሂዱ፤ የምትከፍሉት ብር እዚያው ይቅር፣ ቆሻሻችሁ ግን አብሯችሁ ይመለስ።

አብሯችሁ ለሚሄድ ጓደኛ ሼር አድርጉለት።