የጥርስ ሥር ቦይ ሕክምናን ውጤት የሚወስኑ ሁኔታዎች

የጥርስ ሕመም ጠንቶበት ወደ ጤና ተቋም የሚመጣ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው ጥርሱ እንዲነቀልለት ነው። ቀደም ሲል «ነርቩ ታክሞ» እንደገና ያመመው ከሆነ ደግሞ ጥያቄው ይበረታል፤ ሕክምናው እንደማይሠራ በራሱ ላይ ያየ ይመስለዋልና። ይሁን እንጂ የሥር ቦይ ሕክምና የሚከሽፍባቸው ምክንያቶች በአመዛኙ የታወቁ ናቸው። ከእነዚህም ከፊሎቹ በጥርስ ሐኪሙ እጅ ያሉ ሲሆኑ፣ ከፊሎቹ ግን ሕመምተኛውን በመጀመሪያ በሚያየውና በኋላም በሚያገኘው የጤና ባለሙያ እጅ ይገኛሉ።

የችግሩ ሁሉ መነሻ ባክቴሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ካኬሃሺ፣ ስታንሊና ፊትዝጄራልድ ባሳተሙት ጥናት፣ ከማናቸውም ረቂቅ ተሕዋስያን ነጻ ሆነው ያደጉና እንደ ወትሮው ያደጉ አይጦች ጥርሳቸው ተሰርስሮ የውስጠኛው ሕብረ ሕዋስ እንዲጋለጥ ተደረገ። እንደ ወትሮው ባደጉት አይጦች ላይ የጥርሱ ውስጣዊ ክፍል ሞቶ መግል ቋጠረ። ከተሕዋስያን ነጻ በሆኑት ላይ ግን ምግብ በቀዳዳው እየገባም ቢሆን ቁስሉ በአዲስ ዴንቲን ተደፍኖ ዳነ። ስለዚህ የሥር ቦይ ሕክምና በመሠረቱ ባክቴሪያን የማስወገድና ተመልሶ እንዳይገባ የመዝጋት ሥራ ነው።

ከዚህም የተነሳ ውጤቱን አስቀድሞ ከሚያመለክቱት ነገሮች ዋነኛው ጥርሱ ሕክምና ሲጀመርለት የነበረበት ሁኔታ ነው። ሾግረንና ባልደረቦቹ በስዊድን ሕሙማንን ከ8 እስከ 10 ዓመት ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ1990 እንዳሳወቁት፣ በሥሩ ጫፍ ዙሪያ የአጥንት ጉዳት ካልነበረባቸው ጥርሶች 96 በመቶ ያህሉ የተሳካ ውጤት አሳይተዋል። የውስጥ ክፍላቸው ሞቶ በራጅ ላይ በሥሩ ጫፍ ጥቁር ጥላ ይታይባቸው በነበሩት ውጤቱ ወደ 86 በመቶ ሲወርድ፣ ቀደም ሲል ታክመው ጥላው እያለ እንደገና በታከሙት ደግሞ 62 በመቶ ሆኗል።

እነዚህ አኃዞች የመጀመሪያውን ተመልካች በቀጥታ ይመለከቱታል። ለጥርስ ሕመም አሞክሲሲሊን ሰጥቶ ማሰናበት ጊዜ ከማባከን ያለፈ ጥቅም እምብዛም የለውም። የሞተ ሕብረ ሕዋስ የደም ዝውውር ስለሌለው መድኃኒቱ በቦዩ ውስጥ ወዳለው ባክቴሪያ አይደርስም። የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው መመሪያም የጥርስ ሕክምና ማግኘት ለሚችሉና በሌላ በኩል ጤነኛ ለሆኑ አዋቂዎች አብዛኛውን ጊዜ አንቲባዮቲክ እንዳይታዘዝ ይመክራል። ሕመሙን እንደ ኢቡፕሮፌን ባለ ማስታገሻ አርግቦ ሳይዘገዩ ወደ ጥርስ ሐኪም መላክ ይበጃል። ትኩሳት ካለ አንቲባዮቲክ ተገቢ ነው። እብጠቱ ወደ ፊትና ወደ አንገት እየተስፋፋ ከሄደ፣ ወይም መዋጥና መተንፈስ ካስቸገረ ግን ጉዳዩ አስቸኳይ የሆስፒታል ሪፈር ነው።

በሕክምናው ክፍል ውስጥ ከሚሠራው ሁሉ ክብደት የሚሰጠው ለማጽዳቱ ነው። ጥርሱን ከምራቅ የሚለየው ስስ የላስቲክ መጋረጃ፣ ማለትም ራበር ዳም፣ ከ1864 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታወቀ ቢሆንም ዛሬም ጊዜ ይፈጃል እየተባለ የሚዘለልበት አጋጣሚ ብዙ ነው። ለማጠቢያነት የሚያገለግለው ሶዲየም ሃይፖክሎራይት በበረኪና ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ሲሆን፣ ባክቴሪያን ከመግደሉም በላይ የሞተውን ሕብረ ሕዋስ ያሟሟል። በኃይል ተገፍቶ ከሥሩ ጫፍ ካለፈ ግን ድንገተኛ ብርቱ ሕመምና እብጠት ያስከትላል። ሾግረንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1997 እንዳሳዩት፣ ከመሞላታቸው በፊት በተወሰደ ናሙና ባክቴሪያ ያልተገኘባቸው ጥርሶች በ94 በመቶ ሲድኑ፣ የተገኘባቸው የዳኑት በ68 በመቶ ብቻ ነው። ሳይታይ የሚቀር ቦይም ሌላው የክሽፈት ምክንያት ነው። የላይኛው የመጀመሪያ ትልቅ መንጋጋ ሦስት ሥሮች ቢኖሩትም፣ ከግማሽ በላይ በሆኑት ላይ አራተኛ ቦይ ይገኛል። ሙሌቱ ክፍተት ሳይኖረው ከሥሩ ጫፍ በ2 ሚሊ ሜትር ክልል ውስጥ ሊያበቃ ይገባዋል። ሥራው በአንድ ቀጠሮ መጠናቀቁ ወይም በሁለት መከፈሉ ግን በመዳኑ ላይ ጉልህ ልዩነት አያመጣም።

ሥሩ ከተሞላ በኋላ ያለው ምዕራፍ ብዙውን ጊዜ ችላ ይባላል። ሕመሙ በመጀመሪያው ቀጠሮ ስለሚታገሥ ሕመምተኛው ጊዜያዊ ሙሌቱን እንደያዘ ይቀራል። ጊዜያዊ ሙሌት የሚያገለግለው ለሳምንታት እንጂ ለወራት አይደለም፤ ሲሸራረፍ ምራቅ ሰርጎ ባክቴሪያ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ2004 ሳለህራቢና ሮትስታይን በአሜሪካ ከ1.4 ሚሊዮን የሚበልጡ የታከሙ ጥርሶችን መዝገብ መርምረው ከ8 ዓመት በኋላ 97 በመቶ ያህሉ እንዳልተነቀሉ አግኝተዋል። ከተነቀሉት ውስጥ 85 በመቶ ያህሉ ሙሉ ሽፋን፣ በተለምዶ ክራውን የሚባለው፣ ያልተደረገላቸው ነበሩ። አብዛኛውን አካሉን በመበስበስ ያጣ መንጋጋ ያለ ሽፋን ሲታኘክበት ይሰነጠቃል፤ እስከ ሥሩ የተሰነጠቀ ጥርስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከመነቀል አይድንም። የሽፋኑ ዋጋ ለብዙዎች ከባድ መሆኑ አይካድም። በመሆኑም ወጪው ሕክምናው ሳይጀመር መነገር ይኖርበታል፤ መሃል ላይ ሲሰማ ብዙዎችን ያስቀራል።

በደንብ ያልተቆጣጠሩት የስኳር ሕመምም የአጥንቱን መዳን ሊያዘገይ ስለሚችል የሕመምተኛው የደም ስኳር ሁኔታ በሪፈር ወረቀቱ ላይ ቢጻፍ መልካም ነው። የራጅ ክትትል ቢያንስ ከአንድ ዓመት በኋላ ይደረጋል፤ ጥላው ካልጠፋ እስከ አራት ዓመት ይቀጥላል። በስድስተኛው ወር የሚታይ ጥላ፣ ሕመምና እብጠት እስከሌለ ድረስ፣ ብቻውን የክሽፈት ምልክት ተብሎ ጥርሱ መነቀል የለበትም። ክሽፈቱ ከተረጋገጠም ቦዩን ከፍቶ እንደገና ማከም ወይም የሥሩን ጫፍ በቀዶ ሕክምና ማስወገድ ከመንቀል በፊት የሚታሰቡ አማራጮች ናቸው።